የእታለማሁ ጋንና የሙሴ ያኒ ጠርሙስ

ተጠጉ እስኪ ልጆቼ፣ እግሬን ሳትረግጡ። እኔም ከእናቴ እናት የሰማሁትን ነው የማወራችሁ።

እታለማሁ የምትባል ባሏ የሞተባት ጠጅ ጣይ ነበረች። ጠጇን የቀመሰ መንገደኛ የመጣበትን ጉዳይ ይረሳል አሉ። ወንድሟ አያ ጓዴ ደግሞ የአገሩ ገዢ የፊታውራሪ ጓንጉል አጫዋች ነው፤ ምላሱ አርፎ አያውቅም። ታዲያ አንድ ቀን ሙሴ ያኒ የሚሉት ፈረንጅ አፉ በሰም በታሸገ ጠርሙስ የባሕር ማዶ ወይን በበቅሎ ጭኖ ከች አለ። ሹማምንቱ ሁሉ ግር ብለው ወደ እሱ! የእታለማሁ ጋን ሳይነካ ሊኮመጥጥ ሆነ። ጋኗ ኮመጠጠ ማለት ቤቷ ተዘጋ፣ እሷም ሰው ቤት ፈጭታ አዳሪ ሆነች ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ፊታውራሪ ወይኑን ጎንጨት ቢሉ ፊታቸው እንደ ደረቀ ቆዳ ጭምድድ! ግን እንግዳ ፊት እንዴት አልጣመኝም ይበሉ፤ «ግሩም ነው!» አሉ። ሹማምንቱም ፊታቸውን እያጨማደዱ «ግሩም! ግሩም!» አሉ። ጓዴ ብቻ የፊታውራሪን ፊት ያያል።

«አንተስ ምነው ተዘጋህ?» አሉት ፊታውራሪ።

«ጌታዬ፣ ፊትዎ እውነቱን ሲናገር ጣልቃ መግባት ነውር ነው ብዬ ነው።»

ሙሴ ያኒ ይችን ሰምቶ ዝም ይላል? የፊታውራሪ ጆሮ ስር ገብቶ አዋጅ አስነገረ። «አፉ በሰም ያልታሸገ መጠጥ እንዳይሸጥ!» ተባለ። ወይ ጉድ! ጠጅ እኮ ሲብላላ ይተነፍሳል፤ ብታሽጉት ጋኑን ያፈነዳዋል። እታለማሁ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ፣ ጓዴ ማር ከነሰፈፉ ይዞ ችሎት ገባ።

«ይኸው ጌታዬ፣ ንቧ ገና ከቀፎው በሰም አሽጋልናለች።»

«ማሩንማ መች ከለከልኩ! የከለከልኩት ተከፍቶ የሚጠጣውን ነው።»

«ታዲያ ሙሴ ጠርሙሱን ሳይከፍት ከነቡሹ ነው እንዴ የሚያስውጥዎ?»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አዋጁም አብሮ ፈረሰ።

ሙሴ ግን የዋዛ አይደለም፤ አማርኛውም ደህና ነው። በሌላ ቀን ፊታውራሪ በተቀመጡበት፣ «ጌታው፣ ይህች ሴት እኮ ማሩን በውሃ በጥብጣ ነው የምታጠጣዎ!» ብሎ ከሰሳት። እታለማሁ ክው አለች። መቼም ጠጅ ያለ ውሃ አይጣልም።

ጓዴ ብድግ አለ። «እውነቱን ነው፣ ውሃ አለበት። ብቻ የኛ ውሃ ከምንጭ በእንስራ ነው የሚመጣው፤ በበቅሎ የሚጓዘው የሙሴ ውሃ ነው።»

ሙሴ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አሁን ቂም ያዘ። ያን ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አሳላፊ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ጌታ አይጠጣም፤ መርዝ ይፈራላ! የፊታውራሪ ልጅ ሰርግ ቀርቦ ነበርና ሙሴ በዚህ ገባ። «አሳላፊ ምን ያውቃል? መጠጡን የጣለው ሰው ራሱ ከየጋኑ ይቅመስ፤ ሌላ ሰው አይቅመስለት» አለ። እስከ ቀትር ሰክራ ትወድቅልኛለች ብሎ እኮ ነው፣ ተንኮለኛ!

ፊታውራሪም፣ «ደግ ብለሃል። የማንም መጠጥ ቢሆን የጣለው ሳይቀምስ እንዳይቀርብ! በልጄ ሰርግ መጠጡ ያልተጠጣለት ከገበያዬ ይውጣ!» ብለው አዋጁን ደነገጉ።

ሰርጉ ደረሰ። እታለማሁ ከየጋኑ መዳፏ ላይ ጠብ እያደረገች ቀመሰች። እንደ ወፍ ነው የቀመሰችው፣ ከንፈሯን ብቻ አርሳ! ብርሌው ዞረ፣ ፊታውራሪም ጠጥተው ደገሙ።

ሙሴ ያኒም ደረቱን ነፍቶ ጠርሙሱን ከፈተና መዳፉን ዘረጋ። ጓዴ ክንዱን ያዝ አደረገው።

«ቆይ ወንድሜ፣ አንተ ነህ የጣልከው?»

«እኔማ ነጋዴ ነኝ። የጣለው ሰውማ ባሕር ማዶ ነው!»

ፊታውራሪ ብርሌያቸውን እንደያዙ ጓዴን አዩትና ወደ ሙሴ ዞረው እንዲህ አሉ።

«እንግዲያ ቡሹን መልስበት ሙሴ፤ ሰውየው መጥቶ እስኪቀምስልን በእታለማሁ ጠጅ እንቆያለን።»