ባዶው የቅሬታ ሳጥን

ሕዝብ ማገልገል ሕልሟ የሆነ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለሁለት ወር የሥራ ልምምድ አንድ መሥሪያ ቤት ገባች። የተሰጣት ሥራ የኃላፊው የአቶ አጥናፉ ቢሮ በር ላይ ተቀምጣ ባለጉዳዩን ሁሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለሱ» እያለች መሸኘት ነበር። አራት ዓመት የተማረችው ፖሊሲ በአምስት ቃል ተጠቃለለ።

ልምምዷ ሊያበቃ ሲል አቶ አጥናፉ ወደ ቢሯቸው አስጠሯት። ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው የቅሬታ ሳጥኑን ከወንበራቸው ጀርባ አነሡ። «የሕዝብ ንብረት ነው፤ ኮሪደር ላይ ይሰረቃል» ብለው እዚያ ያስቀመጡት ራሳቸው ናቸው። ከፍተው ገለበጡት፤ ጠብ ያለ ወረቀት የለም።

«አየሽ? ዓመት ሙሉ አንድም ቅሬታ አልገባም! ሕዝቡ ረክቷል ብለሽ ሪፖርቱን ጻፊ። አለዚያ የልምምድ ፎርምሽን አልፈርምም።»

ልጅቷ ያለዚያ ፊርማ እንደማትመረቅ ታውቃለች። ሳጥኑን አየች፤ ዘወር ብላም በሩን አየች።

«እጽፋለሁ፣ አቶ አጥናፉ» አለች በትሕትና። «እውነትዎን ነው። እዚህ ድረስ መግባት የቻለ ባለጉዳይ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ቅሬታ ይኖረዋል?»