ውሃ የተባለው ኮከብ

አንዲት ሴት ነበረች። የውብዳር ትባላለች። አንተ «ገደ ቢስ ነህ ያሉኝ ሰዎች እውነታቸውን ይሆን? የወንድሜን ቤት ለቅቄ ልሂድ?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ የእሷን ነገር ልንገርህ። መልሱን ከዚያ ታገኘዋለህ። እስከዚያ ያንን ሻንጣ ከጭንህ ላይ አውርደውና ተደላድለህ ተቀመጥ።

የውብዳር ገና ልጃገረድ ሳለች ለአንድ ደህና ሰው ልጅ ታጨች። ሽማግሌ መጣ፣ ወላጆቿ እሺ አሉ፣ ቀን ተቆረጠ። ልጁንም ገበያ ላይ አይታው ደስ ብሏታል። ሁሉ ነገር አልቆ ጠላው ከተጠነሰሰ በኋላ የልጁ እናት «ለማንኛውም» ብላ ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ሄደች። ሰውዬው የሁለቱን ስምና የእናቶቻቸውን ስም ፊደል በፊደል ደመረ፣ በአሥራ ሁለት እየገደፈ ቀሪውን ያዘ፣ ከዚያም ፊቱን አጠቆረ። «የልጅሽ ኮከብ አሰድ ነው፣ አንበሳ፤ እሱ እሳት ነው። የእሷ አቅራብ ነው፣ ጊንጥ፤ ውሃ ነው። ካገባት ታጠፋዋለች» አላት። በቃ፣ ሰርጉ ቀረ። ጠላውንም ለአራሞ የመጣ ደቦ ጠጣው።

የዚያን ጊዜ ልጅቱ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረገች። ብቻዋን ኮከብ ቆጣሪው ቤት ሄዳ «የትኛው ነው የኔ ኮከብ? ያሳዩኝ» አለች። ሰውዬው እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት አያውቅም። ዕድሜውን በሙሉ ሲቆጥር ኖረ እንጂ ቀና ብሎ አላየማ። እጁን ወደ ሰማይ ወርወር አደረገና «እዚያ ነው» አላት። ሰማዩ ደግሞ፣ አንተም እንደምታውቀው፣ ሰፊ ነው።

እሷ ያንን «እዚያ» ፍለጋ ወጣች። የሰፈሯን ሽማግሎች ጠየቀች፣ አንዱም አያውቀውም። ከተማ ወርዳ ትምህርት ቤት ገባች። ሌላው በሒሳብ ራሱን ሲያመው እሷ ወደ ሰማይ የሚያደርስ መንገድ እሱ ብቻ እንደሆነ ስለገባት ጥርሷን ነክሳ ተማረችው። ባሕር ማዶ ላኳት። እዚያም «ሴት ልጅ ሰማይ ላይ ምን አላት?» የሚሉ አልጠፉም። መጀመሪያ የፈቀዱላት የቴሌስኮፑን አቧራ እንድትጠርግ ብቻ ነበር። እየጠረገች አየችበት። ካየች በኋላ ደግሞ የሚያስቆማት አልተገኘም፤ በመጨረሻ ያስጠረጓት ሰዎች ራሳቸው እየመጡ ይጠይቋት ጀመር። ወደ አገሯ ተመልሳም ከከተማው በላይ ካለ ኮረብታ ላይ ጣሪያው የሚከፈት ቤት አሠርታ የራሷን ቴሌስኮፕ ተከለች። በዚያ አገር እንዲህ ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

ሰው ግን ምን እንደምትሠራ አልገባውም። ኮከብ ስለምታይ ኮከብ ቆጣሪ ናት አለ። እሁድ እሁድ ደጇ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃታል። አንዱ በቅሎው ጠፍታበት፣ አንዱ ሚስቱ አኩርፋበት ይመጣል። «እኔ ኮከብ አላነብም፤ እለካለሁ» ትላቸዋለች። «ታዲያ ሲለኩት ምን ይላል?» ይሏታል። «ምንም አይልም» ስትላቸው እያዘኑላት ይወርዳሉ።

አሁን የምነግርህን ግን ለብዙ ዘመን ማንም አላወቀባትም። ይህች የሰማዩን ዳር ዳር ሁሉ የለካች ሴት አቅራብን አንድ ቀን በቴሌስኮፕ አይታው አታውቅም። የት እንዳለ ጠፍቷት አይደለም። አቅራብ በግንቦት ፀሐይ ስትገባ ከደቡብ ምሥራቅ ብቅ እንደሚል ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግንቦት በመጣ ቁጥር ግን ወይ መስተዋቱ መጽዳት አለበት፣ ወይ ጣሪያው ዘይት ይፈልጋል፣ ወይ እሷን ጉንፋን ይይዛታል። ደህና የሆነች እንደሆነም ቴሌስኮፑን ወደ ሰሜን አዙራ ትሠራለች። ሁለት ጨዋ ሰዎች ሽማግሌ ልከውባት «ሥራ በዝቶብኛል» ብላ መለሰቻቸው። ሰርግ ቤት አትገባም፣ ሙሽራ አትስምም። ትምህርቷ ያ ነገር ውሸት መሆኑን ይነግራታል፤ «ታጠፋዋለች» ያለው ድምፅ ግን ከሆዷ አልወጣም። ፈርታ ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ዓመት ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንዲት እናት ልጇን ይዛ ኮረብታውን ወጣች። ለሰርጉ ሳምንት ቀርቶታል። ሙሽራዋ አቅራብ፣ ሙሽራው አሰድ ወጥቶባቸው ሰርጉ ሊፈርስ ነው። ልጅቱ ስታለቅስ ከርማ ዓይኗ አብጧል።

«እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ በሞቴ፣ ኮከቧን ይለውጡልኝ» አለች እናትየዋ።

የውብዳር እንደ ልማዷ ልታሰናብታቸው አፏን ስትከፍት ልጅቱ ቀደመቻት። «የትኛው ነው የኔ ኮከብ? ያሳዩኝ» አለቻት።

የውብዳር እጇ ሳታዝዘው ወደ ሰማይ ተነሣ። «እዚያ ነው» ልትል ምንም አልቀራትም። እጇን መንገድ ላይ ያዘችውና ዝቅ አደረገችው። ያቺን ልጅ እንደዚያ ሰውዬ አድርጋ መመለስ አልሆነላትም። «ነይ፣ አሳይሻለሁ» አለቻት።

ፀሐይ ገና መግባቷ ነበር። የውብዳር ጣሪያውን ከፈተች፤ ዘይት ሳይፈልግ ተከፈተ። አሰድ ከአናታቸው ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ ነበርና መጀመሪያ የእሱን ትልቁን ኮከብ አግኝታ ልጅቱን አስጠጋቻት። «ይኸውልሽ፣ እሳት የሚሉት ይሄ ነው።»

ልጅቱ ብዙ አየች። «ነጭ ነው እኮ» አለች። «ወደ ሰማያዊም ይላል። የምንጭ ውሃ ነው የሚመስለው።»

ከዚያ አቅራብ ከፍ እስኪል ጠበቁ። የውብዳር ቴሌስኮፑን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስታዞረው ያልለመደው አቅጣጫ ስለሆነ ጠጠር አለባት። የአቅራብን ትልቁን ኮከብ አገኘችው። ልጅቱን ከማሳየቷ በፊት የራሷን ዓይን አስጠጋች።

ቀይ ነው። ከሰል ማንደጃ ውስጥ እንደተረሳ ፍም ቀይ ነው። ቀይ መሆኑን ከመጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብባዋለች፤ ግን እዚያ መስመር ላይ ስትደርስ ስለ ሌላ ሰው ኮከብ የተጻፈ እያስመሰለች ነበር የምታልፈው። አሁን ዓይን ለዓይን ተያዩ። የውብዳር ሳቀች። መጀመሪያ ትንሽ ሳቀች፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እናትየዋ ደነገጠች።

«ምን አዩ?»

«ውሃው ፍም ነው» አለች የውብዳር ዓይኗን እየጠረገች። «እሳት ያሉት ደግሞ ውሃ መሰለ። ኮከብ ቆጣሪዎቹ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለው ቢያዩ ገልብጠው ይነግሩን ነበር።»

ልጅቱም አየች፣ እናትየዋም ተራዋ ደርሶ አየች። ዓይኗን ካነሣች በኋላ «እና ልጄን ባል የከለከላት ይሄ ነው? ለመሆኑ ስሟን ያውቃል?» አለች።

«አያውቅም። የእኔንም አያውቅም» አለች የውብዳር። «ይህ ያየነው ብርሃን ከዚያ ሲነሣ እኔም እርስዎም፣ አያቶቻችንም አልተወለድንም። ቀይ ቢሆን ነጭ ቢሆን በእኛ ነገር የለበትም፤ የራሱን ይነዳል።»

እናትየዋ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ከአንገቷ አላላችና እፎይ አለች። የውብዳርም አጠገቧ ተቀመጠች። ስንት ዘመን የተሸከመችው ነገር ከትከሻዋ ሲወርድ ተሰማት፤ ቀለላት። ትንሽ አለቀሱ፣ ብዙ ሳቁ።

ሰርጉ ተደረገ። የሙሽራው ወላጆች ሳያንገራግሩ አልቀሩም፤ ኮረብታው ድረስ ወጥተው በየተራ አይተው ነው እሺ ያሉት። የውብዳርም ሰርግ ቤት ሄደች፣ እስክስታ ወረደች፣ ሙሽሮቹን አገላብጣ ሳመች። ሙሽራው አልጠፋም፤ ዛሬ የልጅ ልጅ ያያል። እሷም ከዚያ ወዲያ ግንቦት በመጣ ቁጥር ያንን ቀይ ኮከብ እየለካች ኖረች፤ በሩቅ አገር ስሟ የሚነሣውም በዚያ ሥራዋ ነው። ባል አላገባችም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለችኝ። በዚያን ጊዜ እውነቷን ነበር።

አንተም፣ ልጄ፣ እንደ የውብዳር ነህ። መጀመሪያ ገደ ቢስ ያለችህ አክስትህ ናት፤ በተወለድህ ዓመት ላሟ ስለሞተች። በዚያ ዓመት በሽታ ገብቶ ያገሩ ከብት ሁሉ አልቋል፤ የሰው ሁሉ ላም በአንተ ነው የሞተው? «የትኛው ነው ክፉው ገዴ? አሳዪኝ» ብለሃት ታውቃለህ? አላልካትም። እጇን ወርወር አደረገች፣ አንተም ተቀበልህ። አሁን ደግሞ ወንድምህ ልጅ ሲወለድለት ከአራሷ ክፍል ደጅ ቆመህ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለህ ወደኋላ ተመለስህ። በዚያው ቤት እያደርህ የሕፃኑን ፊት እስከ ዛሬ አላየኸውም። ዓይን እያለህ አንተም ወደ ሰሜን አዙረኸዋል።

ልሂድ ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። አትሂድ። ሻንጣህን እዚሁ ተወው፣ እኔ አለሁ፣ ማንም አይነካብህም። ወደ ቤት ግባና ልጁን እቀፈው። ካለቀሰ ርቦት ነው።