ክደኚላት፣ ትመጣለች

አንዲት ሴት ነበረች። ድሬዳዋ ውስጥ የጣሊያን ምግብ ቤት ነበራት። ከተማው ሁሉ «ሲኞራ» ነው የሚላት፤ ግብር ሰብሳቢው ሳይቀር። ድሬ ደግሞ አንቱታ አታበዛም፤ እኔም እንደነሱ ልንገራችሁ።

ባሏ አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ የሐረር ሰው ነበሩ። እሱ ሲሞት መጋገሪያ ፎርኖውንም፣ ሁለቱን ልጆችም፣ የቤቱን ስምም ለብቻዋ ተሸከመች። ሊጡን በገዛ እጇ ታቦካለች። ሱጎውን በገዛ እጇ ታማስላለች። ምላሷስ? ምላሷን ተዉት! በስልክ እያወራ ፓስታውን የሚያቀዘቅዝ ደንበኛ ካየች ሳህኑን ከፊቱ አንስታ «አቦ፣ ወሬህን ጨርስ፤ ያኔ ትኩስ እሰጥሃለሁ» ትለዋለች። አንድ ትልቅ ባለሥልጣንን እንዲህ ብላዋለች። ሰውዬው ምን አለ? ስልኩን ዘጋ። ምን ይበል!

ይህቺ ሴት የቀዘቀዘ ፓስታ በዓይኗ ማየት አትወድም። ይህን ያዙልኝ። ያዛችሁ? ኋላ እጠይቃችኋለሁ።

በዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበር። የምሳ ደንበኛ ሲያልቅ በሩ ገርበብ ይደረግና ቤተሰቡም፣ ሠራተኞቹም፣ እንደ ቤተሰብ የሚታዩ የቆዩ ደንበኞችም ወጥ ቤቱ አጠገብ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አብረው ይበላሉ። የከተማው ወሬ እዚያ ይራገፋል። ማን አገባ፣ ማን ተፋታ፣ የማን ልጅ ፈተና ወደቀ፣ የማን አጥር ሊፈርስ ነው። ሬዲዮ አያስፈልጋቸውም። እንዲያውም ሬዲዮው እነሱን ቢሰማ ይጠቀም ነበር።

ሌላም ልማድ ነበር፤ ይሄኛው ያምራል። ከመካከላቸው አንድ ሰው ከቀረ ድርሻው በሳህን ይወጣለታል፤ ላዩ ላይ ሌላ ሳህን ይደፋበታል። ይከደንለታል። «አልረሳንህም» ማለት ነው። ደስ አይልም? እኔም ስሰማው ደስ ብሎኝ ነበር። ቆዩ።

አንድ ሐሙስ ሲኞራ የቲማቲም ጣሳ ላምጣ ብላ ዕቃ ቤት ገባች። ዕቃ ቤቱ የት ነው? ከዚያ ረጅም ጠረጴዛ ጀርባ። መሃላቸው ያለው የችፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። ገባች፤ በሩ በራሱ የሚመለስ ነበርና ከኋላዋ ተዘጋ። ጣሳውን ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ ቀኝ ጎኗ ከዳት። ወደቀች። የወደቀችው የዱቄት ጆንያ ላይ ስለሆነ ኮሽታ እንኳን አልተሰማም። ምላሷ ታሰረ። ልትጣራ ሞከረች፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

ጆሮዋ ግን ይሰማል። ወገኖቼ፣ ጆሮዋ ይሰማል!

ከግድግዳው ወዲህ ሰዎቹ ወንበር እየሳቡ ተቀመጡ። ሴት ልጇ ፍሎራ ፓስታውን እየጨለፈች ሳለ ቀና አለች።

«ማማስ?»

ወንድ ልጇ ሬናቶ ፎርማጆ ይፈቀፍቅ ነበር። ቀና እንኳን አላለም።

«ክደኚላት፣ ትመጣለች።»

ከደነችላት። ሳህን በሳህን ላይ። ቋ!

ከዚያስ? ከዚያማ ወሬ መጣ። ጋሽ ሽፈራው የሚባል ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው ነበር፤ የዚያ ጠረጴዛ ዋና ዜና አቅራቢ እሱ ነው።

«የውባለምን ጉድ ሰምታችኋል?» አለ።

ውባለም የሬናቶ ሚስት ናት። ተጣልተው ከቤት ከወጣች ሰንብታለች።

«ዛሬ ጠዋት በእነዚህ ዓይኖቼ አየኋት! ሻንጣ እየጎተተች!»

«ሂድ ወዲያ! ወዴት?» አለ አንዱ አስተናጋጅ።

«ወዴት ትሄዳለች? የጠራት ወዳለበት ነዋ!»

ሳቁ። ሬናቶ አልሳቀም፤ «ተዉ»ም አላለም። ሹካው ላይ ፓስታ ጠቀለለ።

«ድሮም እግሯ ቤት አይረጋም» አለች ፍሎራ። «ያቀማጠለቻት ማማ ናት።»

«ማማ» ስትል ሳህኑ እፊቷ ነበር። የተከደነው። አየችው? አላየችውም። እጇ በላዩ ተሻግሮ ጨው አነሳ።

ወሬው ጣፈጠ፤ ፓስታው ተደገመ።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ፍሎራ ናት። «ደገማችሁ?» ብዬ ጮህኩባት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እናታችሁ ከጀርባችሁ ወድቃ ደገማችሁ? አንዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ቢያጋድል ጭንቅላቱ ግድግዳውን ይመታል፤ ከግድግዳው ወዲያ የምትሞት እናት አለች! አስፋልት ላይ የሚጎተት ሻንጣ አይተዋል። የጎረቤት አጥር መቼ እንደሚፈርስ ያውቃሉ። ይህን ያላወቁት እንዴት ነው? እንዴት?

በሩ ተገፋ። ማን ገባ? ውባለም። ሻንጣዋን እየጎተተች።

 ጋሽ ሽፈራው በድንገት ሳል ያዘው።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች። «አትሳቀቁ፣ ልቀመጥ አልመጣሁም። ሐረር እናቴ ጋ ልሄድ ነው፤ ሲኞራን ልሰናበት ነው የመጣሁት። የት አለች?»

«ወጣ ብላ ነው» አለች ፍሎራ።

«ወዴት?»

«ትመጣለች።»

«ትመጣለች ወይ አላልኩሽም። ወዴት ሄደች ነው ያልኩሽ።»

ፍሎራ ወንድሟን አየች። ወንድሟ ሹካውን አየ።

ውባለም ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና የተከደነውን ሳህን በመዳፏ ነካችው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የማማ።»

«ቀዝቅዟል እኮ!»

«እና?» አለ ሬናቶ።

«እና ትለኛለህ? ሲኞራ ናት ፓስታዋን የምታቀዘቅዘው? አንተ፣ እናትህን ታውቃታለህ? ከየት ተወለድክ?»

ሻንጣውን እዚያው ለቀቀችው። ወጥ ቤት ገባች። ጓሮ ወጣች። «ሲኞራ! ሲኞራ!» እያለች ተመለሰች፤ የዕቃ ቤቱን በር ገፋች።

ጩኸቷን መንገድ ላይ የቆሙ ባጃጆች ሰሙት።

ሲኞራ አልሞተችም። ሐኪሙ ግን «ለምን ቶሎ አላመጣችኋትም?» ብሎ ጠየቃቸው። ምን ይበሉ? ፓስታ እየደገምን ነበር ይበሉ? ያ ሊጥ የሚያቦካ ቀኝ እጇ እስከ ዛሬ አይንቀሳቀስም።

ንግግሯ ቀስ እያለ ተመለሰ። ልጆቿ አልጋው አጠገብ ሆነው የመጀመሪያውን ቃል ጠበቁ። «ውሃ» ትላለች፣ «ልጆቼ» ትላለች ብለው። ሲኞራ ሬናቶን ትክ ብላ አየችው።

«ሰማሁ» አለች።

ሬናቶ ሐሜቱን መስሎታል። «ማማ፣ ስለ ውባለም የተባለውን…» ሲል ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አይደለም። ደህናውን ግራ እጇን አነሳችና የአልጋውን ብረት መታችው። ቋ!

ያኔ አልገባቸውም። አንደበቷ ሲፈታ ነው የነገረቻቸው። «ፍሎራ ‹ማማስ?› ስትል ሰማሁ። ተመስገን፣ ተገኘሁ አልኩ። ከዚያ ሳህኑ ሲደፋ ሰማሁ። የእኔ ነገር እዚያ ላይ አለቀ።»

እስቲ ፍረዱ። ልጆቹ ይጠሏት ነበር? አይጠሏትም። ረሷት? አልረሷትም፤ ስሟን ጠርተዋል፣ ድርሻዋን አውጥተዋል። «ክደኚላት» ክፉ ቃል ነው? ደግ ቃል ነው! የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው። ክፉ ቃል ቢሆን ኖሮ አንዱ ይነሳ ነበር። ሳህኑን ባይከድኑላት ባዶው ቦታ ይጮህባቸው ነበር። ከደኑት፣ ዝም አለላቸው። ደግነታቸው አሳረፋቸው፤ እሷን ግን ማን ያሳርፋት?

አሁን ወደዚያ ቤት ብትሄዱ ሳህን አይከደንም። አንድ ሰው ከቀረ ከጠረጴዛው አንዱ ትኩሱን ሳህን ይዞ ይነሳል፤ ሰውዬውን ባለበት ፈልጎ ያገኘዋል። እሱ እስኪመለስ ማንም ሹካ አያነሳም። ሲኞራ በግራ እጇ ምርኩዟን ይዛ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጣለች፤ ማን ይደፍራል! አንድ ቀን ጋሽ ሽፈራው፣ «ሲኞራ፣ ፓስታው እኮ እየቀዘቀዘ ነው» አላት። ምን አለችው? ያቺ ሳህን ከባለሥልጣን ፊት የምታነሳ ሴት ምን አለችው?

«ይቀዝቅዝ!»

ውባለምስ? የዚያን ቀን አውቶቡስ አመለጣት። ሻንጣዋም ከፎርኖው ጀርባ ከርሟል ይባላል። ከሬናቶ ጋር ታረቁ ወይ? እኔን ትጠይቁኛላችሁ? አያችሁ፣ አሁንም ወሬውን ነው የምትፈልጉት!

ወደ እናንተ ልምጣ። ድንጋጤዬ ለሲኞራ ልጆች ብቻ መስሏችሁ ነበር?

እኛም ቤት፣ እዚሁ ጉባኤ ውስጥ፣ ሳህን አለ። «እንጸልይላት» እንላለን፤ ቋ! «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» እንላለን፤ ቋ! ቴሌግራም ላይ የተጣመሩ እጆች ምልክት እንልካለን፤ ቋ! ከደንን፤ ደግ ሆንን፤ አረፍን። ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማ ጆሮ እንዳለ ማን አሰበ? ስሙ ሲጠራ ሰምቶ «ተመስገን፣ ተገኘሁ» ያለ ሰው እንዳለ ማን አሰበ? ጌታ ከድናችሁ እረፉ አላለንም፤ የጠፋውን ፈልጉት ነው ያለን። ይህን ለማወቅ የሥነ መለኮት ዲፕሎማ አያስፈልግም። እኔም የለኝም፤ ገብቶኛል።

እስቲ ወደ መስኮቱ ዙሩ። ሦስተኛው መደዳ። ያ ባዶ ወንበር የማን ነው? ዝም አትበሉ፣ ታውቃላችሁ። የትርሲት ነው። ያቺ ስትዘምር ከሁላችን ቀድማ የምትጀምረው፣ ሰው ቢያፍር እሷ የማታፍረው ትርሲት። አንድ እሁድ ቀረች፤ «ትመጣለች» አላችሁ። ሌላ እሁድ ቀረች፤ «ባሏ ሥራ ስለፈታ አፍራ ይሆናል» አላችሁ። እሱን ወሬ ከየት አመጣችሁት? ወሬው ደርሷችኋል፣ እናንተ ግን ቤቷ አልደረሳችሁም! ትርሲት ናት አፍራ የምትቀረው? ታውቋታላችሁ?

ወንበሯ ላይ ምን አለ? ቦርሳ። ቦታው ባዶ እንዳይመስል ቦርሳ ተቀምጦበታል። እህቴ፣ ቦርሳሽን አንሺው። አንሺው፤ ባዶነቱን እንየው።

የመዝጊያውን ጸሎት አሁን አላደርግም። ሁለት ሰዎች ተነሱ፤ ቤቷ ከወፍጮው ማዶ ነው፣ ሩቅ አይደለም። በሩ ካልተከፈተ ዙሩና ጓሮውን አንኳኩ። ሌሎቻችን እስክትመለሱ ከዚህ ንቅንቅ አንልም። ከኋላ የምታጉረመርመው ወንድሜ፣ ሰምቼሃለሁ። ምሳችን ይቀዘቅዛል ነው ያልከው?

ይቀዝቅዝ!