የግራዝማች ወርቅ

እግዜር ለድሃ ገንዘብ ቢነሳው አንደበት አይነሳውም። አንድ ጎልማሳ ያለችውን በግ ሸጦ ያገለገለ የብረት መፈለጊያ ማሽን በርካሽ ገዛ። ገና ሳይለምደው የግራዝማች ልጅ አቶ ድንበሩ ሰሙና ማሽኑን ተመኙት። ግቢያቸው አስጠርተው፣ ቢራቸውን እንደያዙ፣ በጎረቤት ፊት፦

«አባቴ እዚህ ጓሮ ወርቅ ቀብረዋል። ካላገኘህ ማሽኑን ትተህ ትሄዳለህ» አሉት።

ሰውየው አማተበና ጀመረ። ማሽኑ በየደረሰበት ይጮኻል፤ ሲቆፍር ግን የሚወጣው የቢራ ቆርኪ ብቻ ሆነ።

«የታለ የአባቴ ወርቅ?» አሉ አቶ ድንበሩ፣ እጃቸውን ወደ ማሽኑ እየዘረጉ።

እሱም ቆርኪውን በሁለት እጁ አፍሶ በተዘረጋው መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

«አግኝቼዋለሁ ጌታዬ፤ እርስዎ ቀድመው ጠጥተውት ኖሮ፣ የተረፈው ክዳኑ ነው።»