የማይመሽበት ቤት

«መብራቱን ገና አታብሪው፣ ማሚቱ! እሱም ተረቱ ውስጥ አለበት። ዝም አላችሁ? ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

«የመሰረት ቤት መግቢያው በየት ነው?»

«በበሩ!»

«መውጫውስ?»

ልጆቹ ተያዩ።

«አላወቃችሁም። እንግዲያው ስሙ።»

በድሮ ጊዜ ቤት ማስጌጥ የሚወዱ ንጉሥ ነበሩ። የከፋይ መከዳ አላቸው። ወርቅ ቅብ መስታወት አላቸው። እግሩ የአንበሳ መዳፍ የሚመስል ወንበር አላቸው። አንድ ቀን ከፈረንሳይ አገር፣ በመርከብ፣ ከዚያም በግመል፣ የናስ መቅረዝ መጣላቸው። አሮጌ ነው። ግን ያምራል! ክንዶቹ እንደ ወይን ሐረግ ይጠማዘዛሉ። በየክንዱ ጫፍ አንገተ ረጅም የናስ ወፍ ሻማ በአፏ ይዛለች። ጣሪያው ላይ ተሰቀለ። ተለኮሰ።

መቅረዙ አፍ አውጥቶ ተናገረ። «አታጥፉኝ። እኔ ካለሁ አይመሽም። ደግሞ ያቺ ፀሐይ ታደበዝዘኛለች።»

ንጉሡ መስኮቱ ሁሉ በመጋረጃ ይሸፈን አሉ። ብርነሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ተጠራች። ልጇን ትርንጎን ጎረቤት ትታ ሄደች። «ሲመሽ እመጣለሁ» አለቻት።

መሸ። አልመጣችም። ክረምት አለፈ። ሌላም ክረምት አለፈ።

ትርንጎ መመለሻው ይጨልማል ብላ ኩራዝና ክብሪት ያዘች። ሄደች።

የንጉሡ በር ላይ ዘበኛ ቆሟል። ፂሙ ጉልበቱ ደርሷል።

«ጋሼ፣ እናቴን አይተዋታል?»

«ቆይ ፊቴን ልታጠብ። ገና ጧት ነው።»

አዳራሹ ውስጥ አሳላፊ አገኘች። ወጡ ድስቱ ውስጥ ድንጋይ ሆኗል።

«እናቴን አይተዋታል?»

«ዞር በይ! ምሳ ሰዓት ነው፣ ይቀዘቅዝብኛል።»

መስታወቱ ውስጥ መቅረዝ። መቅረዙ ውስጥ መስታወት። ትርንጎ ወደ ግራ ዞረች፣ ራሷን አገኘች። ወደ ቀኝ ዞረች፣ ራሷን አገኘች። ከመጋረጃ ክምር ሥር ግን አንዲት ሴት ትሰፋለች።

«እማዬ!»

ሴትየዋ ቀና አለች። «የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እመቤት? እኔም ልጅ አለችኝ። እስከ ወገቤ ናት። ይቺን ጠርዝ ልጨርስና እሄዳለሁ።»

ትርንጎ እንባዋ መጣ። ወንበሩ ለስላሳ ነው። ተቀመጠች። ለምን ነበር የመጣሁት? አለች በልቧ። ለምን ነበር?

አንዲት የእሳት እራት አፍንጫዋ ላይ ወደቀች።

«ተነሺ! እኔም ለአንድ ዙር ነበር የመጣሁት፤ ይኸው እዞራለሁ። መቅረዙን የሚያጠፋው የንጉሡ ትንፋሽ ብቻ ነው።» ይህን ብላ መዞሯን ቀጠለች።

ትርንጎ ንጉሡ ፊት ቀረበች።

«ጃንሆይ፣ መብራትዎ ያምራል ይላሉ።»

«ያምራል።»

«ሲመጣስ? መብራት የሚያምረው ሲመጣ ነው።»

ንጉሡ ግራ ገባቸው። «ሲመጣ... ሲመጣ እንዴት ነበር?»

«እፍ ይበሉትና መልሰው ያብሩት። ያዩታል።»

«አታጥፉኝ!» አለ መቅረዙ። ወፎቹ አንገታቸውን አወራጩ።

«አንዴ ብቻ» አሉ ንጉሡ። እፍ! ቤቱ ደበዘዘ። እፍ! መስታወቱ ባዶ ሆነ። እፍ!

ጨለማ።

ትርንጎ ክብሪቷን ጫረች። ኩራዙ በራ። ትንሽ ነው። ይጨሳል። ግን መብራት ቤት ሲገባ ሰው ምን ይላል? ማንም አላሰበበትም፤ እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ዞረ።

«እንደምን አመሻችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! እንደምን አመሻችሁ?»



«አመሻችሁ?» አለ ዘበኛው። «መሽቷል እንዴ?» ፂሙን ዳሰሰ። «ኧረ ሚስቴ!»

«ኧረ ልጆቼ!» አለ አሳላፊው። ድስቱን ጣለ። ሁሉም የኩራዙን ጭስ ተከትለው ወደ በሩ ሮጡ።

ብርነሽ መርፌዋን አስቀመጠች። ፊቷ ያለውን ፊት አየች።

«ትርንጎ? እንዲህ አደግሽ?»

«ሲመሽ እመጣለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«መሸ እኮ፣ ልጄ። እየመጣሁ ነው።»

ልጆች፣ ትምህርቱን አሁኑኑ እንኩ። የማይመሽበት ቤት ቢያምርም ቤት አይባልም፤ «አመሻችሁ ወይ» የሚልህ ሰው ካለ ኩራዝም ይበቃል። ተረቴን ወሰዳችሁ፤ መብራቴን መልሱ። ትንሽ ነው የቀረው።

ንጉሡ ብቻቸውን ቀሩ። መቅረዙን መልሰው ለኮሱት።

«እንደምን አመሸህ?» አሉት።

«እኔ አላመሽም» አላቸው።

«እናንተ! አንድ ሰው ይመልስልኝ!» ብለው ጮኹ ንጉሡ።

ትርንጎ ከደጅ ሰማች። የእናቷን እጅ እንደያዘች ዞረች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጃንሆይ! በሩ በዚህ ነው፤ ይምጡ!»

ንጉሡ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄዱ። አንድ እርምጃ ወደ መቅረዙ ተመለሱ። እንደገና ወደ በሩ።

ነፋስ መጣ። ንጉሡ ደፉ ጋ ሳይደርሱ በሩ ድርግም ብሎ ተዘጋ።