አራት ሺህ ስም የሚያውቀው አስተርጓሚ

አንድ ሰው ነበረ። በአንዲት አነስተኛ ከተማ መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ፀዳለ፣ አንቺ ዛሬ የጠየቅሽኝን እሱም ራሱን ጠይቆ ነበር፦ «የተማረ ሰው እንግሊዝኛ እንዲኖረኝ ስንት ስሞችን ላጥና? የትኞቹን?» በሰዋስው ስም የምንላቸውን፣ የነገር ሁሉ መጠሪያ የሆኑትን ቃላት ማለቱ ነው። ማንንም ሳያማክር ለራሱ መለሰ፤ ብዙ ብዙውን፣ ከባድ ከባዱን።

በየቀኑ ከመዝገበ ቃላት አሥር ቃል እየመረጠ በደብተር ይጽፍ ነበር። «ሉዓላዊነት»ን፣ «ርዕዮተ ዓለም»ን፣ «ሥልጣኔ»ን በእንግሊዝኛ አሳምሮ ያውቃቸዋል። «ሳል» እና «እከክ» ሲያጋጥሙት ግን የልጅ ቃል ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። እንዲህ እያለ አራት ሺህ ደረሰ። የከተማው ሰው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ሲያስፈልገው ወደ እሱ ይመጣል፤ በመንገድ ሲያልፍም ከወንበር ይነሡለታል። ይህ ደግሞ ደስ ይለው ነበር።

አንድ ጊዜ አንዲት የውጭ አገር ሐኪም ለሦስት ወር ወደዚያች ከተማ ጤና ጣቢያ መጣች። አስተርጓሚ ሲፈለግ ሁሉም ያንን ሰው ጠቆመ። ሸሚዙን አስተኩሶ ሄደ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ የአቀባበል ንግግር ሲያደርጉ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ ተረጎመ፤ ሐኪሟም አመሰገነችው።

በሳምንቱ አንዲት ሸክላ ሠሪ መጣች። ተቀምጣ ቀኝ እጇን ዘረጋች።

«እጄ ይደነዝዘኛል» አለች። «ከክረምት ወዲህ የነካሁትን አይለይልኝም። የሰው እጅ የያዝኩ ይመስለኛል።»

ሰውየው ሊናገር አፉን ከፈተና ቆመ። «ድንዛዜ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አያውቅም። አራቱን ሺህ ቃላት በልቡ አገላበጠ፤ የለም። ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። በር ላይ የቆሙት በሽተኞችም ያዩታል። በነሱ ፊት አላውቅም ማለት ከበደው። ስለዚህ ከሚያውቃቸው ትልልቅ ቃላት አንዱን አነሣና፣ «ይህች ሴት በእጇ ላይ ሥቃይ አለባት» ብሎ ተረጎመ።

«ብርቱ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«በጣም» አለ።

ወረፋው ረጅም ነበር። ሐኪሟ የሴትዮዋን ጣቶች አጠፍ ዘርጋ አድርጋ አየችና የሕመም ማስታገሻ አዘዘችላት። ሴትዮዋ አመስግና ወጣች። ሰውየው ምሳ ላይ «ደነዘዘም ታመመም ያው ነው፤ ሁሉም በሽታ ነው» እያለ ራሱን አጽናና። ከሰዓት በኋላም ረሳው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ እጇን በነጠላ ጠቅልላ ተመለሰች። ጨርቁ ሲፈታ ሁለት ጣቶቿ ክፉኛ ተቃጥለው ነበር።

«ማሰሮ ከእሳት ሳወጣ ነው» አለች። «ጠረኑ ሲሸተኝ ነው መቃጠሌን ያወቅሁት።»

ሐኪሟ መርፌ አንሥታ ያልተቃጠለውን ጣት ወጋ አደረገችው። ሴትዮዋ በመስኮት ወደ ውጭ እየተመለከተች ነበር፤ ዘወር እንኳ አላለችም። ሐኪሟ መርፌውን አስቀምጣ ወደ ሰውየው ዞረች።

«ሥቃይ አለባት ብለኸኝ ነበር። ይህች ሴት ምንም አይሰማትም። ያን ቀን ምን ነበር ያለችው?»

ሰውየው ማምለጫ ነበረው። ያን ጊዜ እንዲህ አላለችም ብሎ ሊያሳብብባት ይችላል፤ የሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ እሱ ብቻ ነውና ማንም አይደርስበትም። ሐሳቡ ወደዚያ ሄዶም ነበር። ከዚያ የሴትዮዋን እጅ አየ፤ ለሐኪሟ ከመመለሱ በፊትም ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ፣ ያን ቀን የነገሩኝን አልተናገርኩልዎትም። ቃሉን አላወቅሁትም፤ ማፈሬን ለመደበቅ ሌላ ቃል ተናገርኩ።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው።

«ታዲያ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለችው። «በእጄ አሳይህ ነበር።»

ለሐኪሟም ይህንኑ ነገራት። የራሱን ጣት ቆንጥጦ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ «አይሰማትም» የሚለውን በምልክት አሳያት። ሐኪሟ ተቆጣች፤ ከተቆጣች በኋላ ግን ቃሉን ነገረችው። መዳፉ ላይ ጻፈው። ያን ሁሉ ዓመት ቃል ሲያጠና ከሰው ጠይቆ ያገኘው የመጀመሪያው ቃል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር መጥቶ ከበሽተኞቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ ያሉትን ገበሬ፣ «ምን ይሰማዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው፤ ሌሎቹንም እንዲሁ። አንዱን ይወጋዋል፣ ሌላዋን ያጥወለውላታል፣ አንዱን ሲነሣ ዓይኑን ያጨልመዋል። የነገሩትን ሁሉ እንዳሉት ጻፈ። ከዚያ ገብቶ ለሐኪሟ በእጁና በፊቱ እያሳየ የእያንዳንዱን ስም ጠየቃት። ማጥወልወልን ሲያሳያት መጀመሪያ የሰከረ ሰው መስሏት ነበር። ሐኪሟ ስትሄድ አዲሱ ደብተሩ ላይ የነበሩት ቃላት ሁለት መቶ አይሞሉም። አንዳቸውንም ግን አልረሳም፤ እያንዳንዱን ሲያነሣ የተናገረው ሰው ፊት ይመጣበታልና።

የሸክላ ሠሪዋ ሕመም የነርቭ ነበር፤ ትክክለኛውን መድኃኒት ጀምራ ተሻላት። ሁለቱ ጣቶቿ ግን እንደታጠፉ ቀሩ። በቀሩት ማሰሮ ትሠራለች። ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላም ትለዋለች፤ እሱ ግን እጇን ለማየት እስከ ዛሬ ይከብደዋል።

እንግዲህ ፀዳለ፣ ይህን የነገርኩሽ ስለዚያ ሰው ብዬ አይደለም። አንቺ በልብስ ፋብሪካ የሴቶቹ ተወካይ ሆነሻል፤ አማርኛ ለማይሰሙት ኃላፊዎች የእነሱን ነገር የምታደርሺ አንቺ ነሽ። ስንት ስም ላጥና ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቁጥሩን አላውቀውም። የትኞቹን ላልሽው ግን መልስ አለኝ። ነገ ስትገቢ ከጎንሽ የምትሰፋውን ሴት ምን እንዳስቸገራት ጠይቂያት። ብናኙ ያፍናት እንደሆነ፣ ወገቤን ያዘኝ ትል እንደሆነ፣ ያለችውን ሳትቀንሺ ጽፈሽ የእሱን እንግሊዝኛ ፈልጊ። ሰው የሚያስፈልገውን በልኩ የሚናገር ቃል እሱ ነው ከፍ ያለ ቃል፤ «ድንዛዜ» ከ«ሉዓላዊነት» አላነሰም፤ ያን ቀን የአንዲት ሴት ጣቶች ዋጋ ነበረው። ትልልቆቹንም አትናቂ፤ «ሉዓላዊነት»ም የሚያስፈልገው ሰው ያለበት ቦታ አለ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ «ይህን ቃል አላውቀውም፤ ቆይ ልጠይቃት» የሚለውን በእንግሊዝኛ አጥኚው። ዛሬ ቤትሽ ሳትደርሺ፣ በመንገድ ላይ እያልሽው ሂጂ።