ያልተለሰነው ግድግዳ

«አንድ ሰው ነበረ፤ የሚኖረው በጭቃ ቤት ነው» ብለው ጀመሩ መሪጌታ ልሳነወርቅ።

የሚያዳምጣቸው ልብስ ሰፊው ደርበው ነው። በደረቱ ራጅ ላይ፣ በቀኝ ሳንባው በኩል፣ ትንሽ ጥላ ታይቶ ነበር። ሐኪሙ «የቆየ ጠባሳ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ከሦስት ወር በኋላ ራጁን እንደገና ተነሣና እናነጻጽረዋለን» አለው። ቀኑ ደረሰ፤ ደርበው ግን አልሄድም አለ። «መሪጌታ፣ ካወቀ ለምን አይነግረኝም? ካላወቀስ ለምን ያመላልሰኛል?» ብሎ ጠየቃቸው።

መሪጌታ ቀጠሉ።

ሰውየው ክረምት ሊገባ ሲል በመኝታው አጠገብ ግድግዳው ተሰንጥቆ አየና አናጢ ጠራ። አናጢው ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰ፤ ሁለቱን ጫፎች በከሰል ምልክት አደረገባቸው። «ጭቃው ሲደርቅ የፈነዳ ከሆነ እዚሁ ይቀራል። ውስጡ ያለው ቋሚ እየሰመጠ ከሆነ ግን ከሰሉን አልፎ ይሄዳል። ዝናቡ ሲያባራ መጥቼ አየዋለሁ። እስከዚያ እንዳትለስነው» አለ።

ሰውየው ተቆጣ። «ወይ ይወድቃል በለኝ፣ ወይ አይወድቅም በለኝ!»

«ዛሬ ከነገርኩህ ዋሸሁህ ማለት ነው» አለና አናጢው ሄደ።

መስቀል ሲቃረብ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ይለስን ጀመር። የሚስቱ ወንድሞችም ጭድና ጭቃ አቡክተው መጡ። እውነቱን ለመናገር ሰውየውም እንዲሸፈንለት ይፈልግ ነበር፤ ክረምቱን በሙሉ የተኛው ለስንጥቁ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ጭቃው ሲቀርብ ግን፣ አንዴ ከተለሰነ ማወቂያ እንደማይኖረው ገባው። ሄዶ ከሰሉ ፊት ቆመ።

«አትነኩትም!»

«ጋሼ፣ የበዓሉ እንግዳ ግድግዳ ሊያስታምም ነው እንዴ የሚመጣው?» ብለው ሳቁበት።

«ያስታምም! ከሥሩ የምተኛው እኔ ነኝ።»

አናጢው በቃሉ መጣ። ስንጥቁ የላይኛውን ከሰል አንድ ጣት አልፎ ነበር። ግድግዳውን ከፍተው ሥሩ የበሰበሰውን ቋሚ አወጡ፤ ሌላ ተከሉ። በዓሉ በተከፈተ ግድግዳ አጠገብ ተበላ። ቤቱ ግን ቆመ።

መሪጌታ ወደ ደርበው ዞሩ። «ስንጥቁ ያ ጥላህ ነው፤ የመጀመሪያው ራጅህ ከሰሉ ነው። ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። ሐኪሙ አልደበቀብህም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር ይሂድ ይቁም አይታወቅም። ያንተ እዚያው ቆሞ ይሆናል፤ ይህን እኔም አላውቅም፣ አንተም አታውቅም። እልኸኛ ነህ፤ ደግ ነው። እልህህን ግን በሐኪሙ ላይ ሳይሆን በፍርሃትህ ላይ አውጣው። የድሮውን ራጅ ይዘህ ሂድ፤ ያለ ከሰሉ አናጢውም ምንም አያይም።»

«ቆሞ ከሆነስ?» አለ ደርበው።

«ያን ጊዜ ለስነው። ካየኸው በኋላ።»